ጥሩ ቦታ ላይ ያለ ሱቅ ለምን ይዘጋል?

አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ ልክፈት ብሎ ለተነሳ ሰው ሁሉም የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ዋናው ቦታው ነው።» ደላላው ይለዋል፣ አጎቱ ይለዋል፣ ብር የምታበድረው እህቱም ትለዋለች። እኔ የምተዳደረው የትናንሽ ነጋዴዎችን ሂሳብ በመሥራት ነው። ደንበኞቼ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከተክለ ሃይማኖት እስከ መርካቶ ያሉ ናቸው። ደረሰኛቸውን በፌስታል አጭቀው ያመጡልኛል፤ እኔ መልክ አስይዤ ለግብር አደርስላቸዋለሁ። ፌስታሉ ውስጥ የማየው ነገር ግን ከዚያ ምክር ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ዋና መንገድ ዳር፣ ሰው በሚተራመስበት ቦታ ያለው ሱቅ በሁለት በሦስት ዓመቱ ስሙን ሲቀይር፣ ከጀርባው በጠባብ ቅያስ ውስጥ ታፔላ እንኳ በወጉ የሌለው ሱቅ ሃያ ዓመት ቁጭ ብሎ ይሸጣል።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መራቀቅ አያስፈልግም። የኪራዩን መስመር ማየት ይበቃል። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ጭማቂ ቤት የከፈቱ ባልና ሚስት ነበሩ። ለቦታው ምንም አይወጣለትም፤ ከቢሮ የሚወጣው፣ ታክሲ የሚጠብቀው፣ ባንክ ደርሶ የሚመለሰው ሁሉ በደጃቸው ነው የሚያልፈው። የመጀመሪያውን ዓመት ተሯሩጠው ሰው አስለመዱ። ምሳ ሰዓት ላይ ሰልፍ መታየት ጀመረ። ሰልፉን ታዲያ አከራያቸውም ያየው ነበር። ውሉ የዓመት ስለሆነ ሲታደስ ኪራዩ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ከፈሉ። በሚቀጥለው እድሳት እንደገና ተጨመረ። የመጨረሻውን ሂሳብ ስሠራላቸው ከአቮካዶው፣ ከስኳሩ፣ ከሠራተኛው ደሞዝና ከመብራቱ የተረፈው ገንዘብ ጠቅላላ ወደ አንድ ሰው ኪስ ነበር የሚሄደው። ሽያጫቸው አልወደቀም፤ እንዲያውም ከዓመት ዓመት አድጎ ነበር። ቤቱን ያዘጋቸው ገበያ ማጣት ሳይሆን ገበያ ማግኘታቸው ነው።

አከራዩን ክፉ ሰው ነው ለማለት አይደለም። በእሱ ቦታ ብንሆን ስንቶቻችን ሰልፉን እያየን ዝም እንል ነበር? ነገር ግን ተከራይ በላቡ ያመጣውን ገበያ በየዓመቱ ቆጥሮ የሚወስድበት አካል እስካለ ድረስ፣ «ጥሩ ቦታ» የሚባለው ነገር ጥሩነቱ ለማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም ገደብ እንዲኖረው አድርጓል፤ የሚመለከተው ግን መኖሪያ ቤትን ብቻ ነው። ሱቅ እንደ ድሮው በአከራይና በተከራይ ስምምነት ነው። ስምምነት ከተባለ።

ስለ ድሮዋ ፒያሳ ሲወራ ናፍቆቱ ይበዛና ሂሳቡ ይረሳል። ያ ሁሉ ወርቅ ቤት፣ ኬክ ቤት፣ ፎቶ ቤትና ልብስ ሰፊ ሠላሳ አርባ ዓመት አንድ ቦታ ላይ የቆየው ባለቤቶቹ ትጉ ስለነበሩ ነው ይባላል። ትጋታቸውን አልክድም። ግን ብዙዎቹ የተቀመጡት በቀበሌ ቤት ወይም በኪራይ ቤቶች ቤት ነበር። ደርግ በሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ የእነዚያ ቤቶች ኪራይ ከገበያው ተለየ፤ መንግሥት ተለውጦም ለረጅም ዘመን በጣም ዝቅ እንዳለ ቆየ። በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሁለት ሱቆች ሂሳብ ሠርቼ አውቃለሁ፤ አንዱ የቀበሌ፣ አንዱ የግል። የቀበሌው ሰውዬ ክፉ ቀን ሲመጣ ሱቁን ዘግቶ ለቅሶ መቀመጥ ይችላል፤ ዕቃ ሲወደድ ትንሽ ጠብቆ መግዛት ይችላል፤ ልጁን ከትምህርት ቤት ሳያስቀር ክረምቱን ያልፋል። የግሉን ተከራይ ግን በወሩ መጀመሪያ አከራዩ መጥቶ በሩ ላይ ይቆምበታል። በመንገደኛ ብዛት ካየነው ሁለቱም እኩል ነበሩ።

የቀበሌ ቤት ውል በሕግ አይሸጥም። ቢሆንም «የቁልፍ» እየተባለ በብዙ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ መኖሩን የማያውቅ የለም። ነጋዴው በርካሽ ኪራይ የያዘውን ቦታ ዋጋ በዚያ መንገድ ነበር የሚያወጣው። በ2011 የድሮው ኪራይ ቤቶች፣ የአሁኑ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን፣ የንግድ ቤቶቹን ኪራይ ሲከልስ የተነሳው ጩኸትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የተነካው የወር ወጪ ብቻ አልነበረም፤ ሰዎች ጥሪት ብለው የያዙት ነገር ነው።

እንግዲህ ኪራዩ የነገሩ ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ያስተማሩኝ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ደንበኛዬ ናቸው።

ጋሼ የሚሸጡት የልብስ ስፌት ዕቃ ነው፤ ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ገበር፣ ላስቲክ፣ የኮት ትከሻ ስፖንጅ። ሱቃቸው ዶሮ ማነቂያ ነበር፣ በግለሰብ ቤት ተከራይተው። በ2016 የካቲትና መጋቢት ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ ከፈረሱት አንዱ እሱ ነው። ተከራይ ስለነበሩ ካሳም ሆነ ምትክ የሚጠይቁበት ወረቀት አልነበራቸውም፤ የደረሳቸው ዕቃ የማውጫ ቀን ነው። ያዘነላቸው ሰው ሁሉ «ፒያሳን የሚያህል ቦታ አጡ» ነበር የሚለው። እውነቱን ለመናገር ግን እሳቸው ለመንገደኛ የሸጡት ኢምንት ነው። ፒያሳ የመጣ ሰው ወርቅ ያያል፣ ማኪያቶ ይጠጣል፤ ገበር ልግዛ ብሎ የሚመጣ የለም። ገዢዎቻቸው በየቅያሱ፣ በየደረጃው ሥር የሚሠሩ ሰፊዎች ነበሩ።

የዱቤ ደብተራቸውን ብዙ ጊዜ አገላብጬዋለሁ። ሽፋኑ ጠንካራ፣ ጠርዙ በፕላስተር የተጠጋገነ ነው። እያንዳንዱ ሰፊ አንድ ገጽ አለው፤ ገጹ አናት ላይ ግን የሰው ስም የለም። «ቀይ በር»፣ «ደረጃው ሥር»፣ «መነጽር»፣ «የቆርቆሮው አጥር»፣ እንዲህ እያሉ ነው የጻፉት። ከሥሩ ቀን፣ ዕቃ፣ ብር። ጠዋት ሰፊው ልጅ ይልካል፤ ልጁ ከሚሰፋው ጨርቅ ቁራጭ ይዞ ይመጣል፣ ጋሼ ቁራጩን ወደ ብርሃን አውጥተው ያዩና ከቀለሙ ጋር የሚሄደውን ክርና ዚፕ ይሰጡታል። ብሩ የሚመጣው ባለ ልብሱ ልብሱን ሲወስድ ነው፤ ቅዳሜ፣ አንዳንዴም የወር ደሞዝ ሲወጣ። ፊርማ የለም፣ መያዣ የለም፣ ወለድ የለም። ዋስትናው ሰፊው ነገም እዚያው ቀይ በር ሥር ተቀምጦ መገኘቱ ነበር።

ሰፈሩ ሲፈርስ ሰፊዎቹም ተበተኑ። አንዱ ገላን ጉራ፣ አንዱ ጀሞ ዘመድ ጋ፣ አንዱ መኪናውን ሸጦ አገሩ ገባ፤ የስፌት መኪናውን ማለቴ ነው። ከፊሎቹ በቴሌብር እያቆራረጡ ከፍለዋቸዋል፣ እግዜር ይስጣቸው። የቀሩትን ግን ማን ጋ ሄደው ይጠይቁ? «ደረጃው ሥር» የሚለው ገጽ ላይ ያለው ብር አድራሻው ደረጃው ነበር፤ ደረጃው ደግሞ የለም። «አንቺ ልጅ፣ ይሄን የት ላይ ነው የምትጽፊው?» አሉኝ ደብተሩን እያሳዩ። የማይሰበሰብ ዕዳ ብዬ ጻፍኩት፤ ለሂሳቡ ያ ይበቃል።

እኔ የገባኝ እንግዲህ ይህ ነው፦ በእኛ ከተማ ለትንሽ ነጋዴ ቦታ ማለት ከሁሉ በፊት ብድር የሚሰጥበትና የሚቀበልበት ክልል ነው። ባንክ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ወይም መኪና ካላስያዙት ነገሩን አይጀምረውም። ሥራ ማስኬጃ የሚገኘው ከጎረቤት ነው፤ ጎረቤት የሚያምነው ደግሞ በየቀኑ የሚያየውን ሰው ነው። መንገደኛ ብቻ ያለው ቦታ ሽያጭ ይሰጥ ይሆናል፣ ክፉ ቀን አያሻግርም።

መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ብረቱ በብረት ተራ፣ ሸማው በሸማ ተራ፣ አሮጌው ብረታ ብረት በምናለሽ ተራ። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ለምን ጎን ለጎን ይቀመጣሉ? ሃሮልድ ሆቴሊንግ የሚባል አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በፈረንጆቹ 1929 ያሳየው ነገር አለ፤ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሁለት ሻጮች እያንዳንዳቸው ገዢ እንዳያመልጣቸው ሲጠጋጉ መጨረሻው መሐል ላይ መገናኘት ነው። አሳማኝ ነው፤ ግን የሚያወራው ስለ ገዢ ብቻ ነው። መርካቶ ውስጥ ጎረቤት ተፎካካሪ ብቻ አይደለም፤ መጋዘንም፣ አበዳሪም፣ ዋስም ነው። ገዢው ቁጥር 42 ጫማ ሲጠይቅ የሌለው ነጋዴ «አንዴ ቁጭ በል» ብሎ ልጁን ጎረቤት ይልካል፤ ሽጦ ማታ ይከፍላል። ጀማሪው በመደርደሪያው ላይ ከሚታየው ዕቃ ስንቱ የራሱ እንደሆነ ቢጠየቅ ሳይስቅ አይመልስም። ከሰዓት በኋላ የእቁብ ሰብሳቢው ደብተሩን በብብቱ ይዞ ከሱቅ ወደ ሱቅ ሲዞር ያየ ሰው ተራው በምን እንደተሰፋ ይገባዋል። እቁቡ በጊዜ እንዲወጣለት የፈለገ ሰው ዋስ ይጠራል፤ ዋሱ ከሱቁ ሆኖ የሚታየው ሰው ነው።

ይህ መተሳሰር የራሱ መዘዝ አለው። በጥቅምት 2017 ሸማ ተራ አካባቢ እሳት ሲነሳ የብዙ ሰው ሀብት በአንድ ሌሊት ወደመ። ሌላ ቦታ ሱቁ የተቃጠለበት ሰው ጎረቤቱ ጋ ሄዶ ዕቃ ይዋሳል። እዚያ ግን ዕቃ ያበደረውም፣ የተበደረውም፣ ዋስ የሆነውም በአንድ ምሽት ነው የተመቱት። እኔ ከምሠራላቸው ውስጥ መድን የገቡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ስጠይቃቸው የሚሰጡኝ መልስ «ሰው አለን» ነው። ሰዉም አብሮ ሲቃጠል ምን ይደረጋል? ይህን ደጋግሜ አንስቼባቸዋለሁ፤ ሰሚ አላገኘሁም።

ገበያ ከቦታው ሲነሳ ይሞታል የሚለውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። አትክልት ተራን እንውሰድ። በ2012 ኮሮና ሲገባ ከፒያሳ ተነስቶ ጃንሜዳ ገባ፤ በ2013 ጥምቀት ሳይደርስ ደግሞ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ጅምላ ሻጩ የሄደው ከነጎረቤቱ፣ ከነደላላው፣ ከነሚዛኑ ነው። ሽንኩርት ጭኖ የሚመጣው መኪናም፣ ለጉልት የምትረከበው ሴትም ተከትለው ሄዱ። ደብተሩ ሳይቀደድ ሄደ ማለት ነው። መርካቶም ራሱ እንዲሁ ነው የተወለደው፤ አራዳ ጊዮርጊስ ሥር የነበረውን ገበያ ጣሊያን ወደ ምዕራብ ገፍቶ። አብሮ የተነሳ ገበያ ቂም ይዞም ቢሆን ይተክላል። የተጎዳው ከገበያው ጋር ያልተቆጠረው ነው። ለአትክልት ተራ ጫኝና አውራጆች ቁርስ የምታበስል አንዲት ሴት አውቃለሁ። ፈቃድ የላት፣ ቤት ቁጥር የላት፤ የሚነሱ ነጋዴዎች ስም ሲመዘገብ እሷ የለችበትም። ጃንሜዳ ድረስ ድስቷን በታክሲ ጭና ተከተለቻቸው። ሃይሌ ጋርመንት ግን ከቤቷ ሁለት ታክሲ ሆነባት፤ ትራንስፖርቱ ትርፏን በላው። የጋሼ ሰፊዎችም ችግር መነሳቱ ብቻ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ለየብቻው መነሳቱ ነው።

መንገድ ሲቀየር ያለውን ጣጣ ብዙ ሰው ስለሚያውቀው አላስረዝመውም። በ2008 ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር በምሥራቅ ምዕራቡ መስመር አጥሩ መንገዱን ለሁለት ከፈለው፤ ከወዲያ ማዶ ተሻግሮ ዳቦ ይገዛ የነበረ ሰው ማቋረጫ ፍለጋ መዞር ሲሆንበት በወዲያው በኩል ሌላ ዳቦ ቤት ለመደ። አሁን ደግሞ በኮሪደሩ መንገድ የእግረኛው መሄጃ ሰፍቶ አምሮበታል፤ ለካፌው ሲሳይ ነው። ፍሪጅና ቁም ሳጥን የሚሸጠው ግን መኪና አስጠግቶ የሚጭንበት ቦታ አጥቷል። በአንድ መንገድ ላይ ያለ አንድ ለውጥ አንዱን ያደልባል፣ ሌላውን ያከሳል፤ የታክሲ መቆሚያ ሃምሳ ሜትር ፈቀቅ ማለቱ ራሱ በቀን ሽያጭ ላይ ይታያል።

ግብሩም ቦታን ያያል። በ2009 የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ የነበረውን ሩጫ የሚያስታውስ ያስታውሳል። መዝገብ የሌለው ነጋዴ ይገመት የነበረው ከሌላው ሌላው ነገር ጋር በተቀመጠበት ቦታ ነው። «እዚህ ቦታ ላይ ሆነህ ይህን ብቻ ሸጥኩ ትለኛለህ?» ለሚለው ጥያቄ ባዶ መደርደሪያ ማሳየት መልስ አይሆንም። እኔማ በዚህ ጉዳይ ባለ ጥቅም ነኝ፤ ያን ጊዜ ነው ብዙ ነጋዴ ሂሳብ መያዝ የጀመረውና እኔም እንጀራ ያገኘሁት።

ወጣቶቹ ደንበኞቼ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ይስቃሉ። «አሁን እኮ ቦታ ስልክ ላይ ነው» ይሉኛል። ሱቃቸው የሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱ ሲሠራ ይሠራል፤ ኪራዩ ከምድር ቤቱ ጋር አይወዳደርም። ልብሱን በቴሌግራምና በቲክቶክ ያሳያሉ፣ ብሩ በቴሌብር ወይም በባንክ ይገባል፣ ዕቃው በሞተር ይሄዳል። ሂሳባቸውን ሳይ እውነት አላቸው፤ ለኪራይ ይሄድ የነበረው ለማስታወቂያና ለአድራሽ ይሄዳል፣ የሚተርፈውም ይሻላል። ሆኖም ከእያንዳንዱ ማስታወቂያ ሥር የሕንፃው ስም፣ ፎቁና የሱቅ ቁጥሩ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ገዢው አይመጣም፤ ቢከፋው ግን መጥቶ የሚጮህበት በር መኖሩን ማወቅ ይፈልጋል። አድራሻ የማይጽፍ ገጽ ላይ ቀድሞ ብር የሚልክ ሰው ጥቂት ነው። ዕቃውንም ቢሆን የሚያነሱት ከአስመጪ በእምነት ነው፤ አስመጪው ደግሞ የት ፎቅ ላይ እንደሆኑ ያውቃል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተብሎ ዕቃ በየቀኑ ሲጨምር አስመጪዎች ዱቤ ያቆሙባቸውንና ያላቆሙባቸውን አይቻለሁ። በር ለበር የሚተዋወቁት ትንሽ ይሻል ነበር።

ጋሼ ከፈረሳው ወዲህ ዕቃቸውን የወንድማቸው ቤት ጓዳ አከማችተው በስልክ ነበር የሚሸጡት። በቅርቡ ሁለት ቦታ ተገኘላቸውና ሂሳቡን እንድሠራ ጠሩኝ። አንደኛው ቸርችል ጎዳና ዳር ነው፤ መስታወት በር ያለው፣ የዓመት ውል፣ ስድስት ወር ቅድሚያ። ልጆቻቸው እሱን ነበር የወደዱት። ሁለተኛው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ያለ ክፍል ነው፤ መስኮት የለውም፣ ከመንገድ አይታይም፣ ዝናብ ሲመጣ በሩ ሥር ውሃ ይተኛል። ግን በዚያው ግቢ ውስጥ ስድስት ሰፊዎች ይሠራሉ፤ ሁለቱ ከዶሮ ማነቂያ የመጡ ናቸው፣ አንዱም «መነጽር» ነው። የቆየውን ዕዳ ከአዲሱ ጋር እያዳበለ ሊከፍላቸው ተስማምቷል።

ቁጥሩን በወረቀት ላይ አስቀምጬ ሰጠኋቸው። ቸርችሉን ለመክፈል ብቻ ድሮ ይሸጡት የነበረውን ሁለት እጥፍ መሸጥ ነበረባቸው፣ ለዚያውም ገበር ለማይፈልግ መንገደኛ። ግቢውን ያዙ። ውሉን ለሁለት ዓመት ፈርመዋል፤ እኔ ሦስት ይሁንና የጭማሪው ልክ ከአሁኑ ይጻፍ ብዬ ነበር፣ አከራይዋ የመጀመሪያውን እምቢ ብለው ሁለተኛውን ተቀበሉ። በሩ ሥር ያለውን ውሃ ጋሼ በራሳቸው ወጪ ሲሚንቶ አስደርገውበታል፤ ደረሰኙን እንዳይጥሉት ነግሬያቸዋለሁ።